ስለ ማገዶ እንጨት ለቀማ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ባለፈው እሑድ በስብሰባችን ላይ የተናገርሁትን፣ ያልመጡትም እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ ስለተባለ ይኸው ጽፌዋለሁ። እናንተ አቋርጣችሁ የጠየቃችሁኝንና እኔም የመለስሁትን በየቦታው አስገብቼበታለሁ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍሁ ሰው ነኝና የጽሑፍ ጉድለት ብታገኙ ቁም ነገሩን ብቻ ያዙልኝ።

ነገሩ የማገዶ ነገር ነው። የብርድ ነገር ነው ብንልም ያው ነው። ከተማችን ነፋስ መውጫ የተባለችው በከንቱ አይደለም። ያለንበት ደጋ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ሆኖ ከወዲያ ቆሞ ብርዱን ይልክብናል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱን አመዳይ ይጥላል፤ ክረምት ሲሆን ጉሙ ቤት ውስጥ ድረስ ይገባል። ወደ ስማዳ ቆላ፣ በሽሎንና ዓባይን ይዞ የተቀመጠው ወገናችን እሳት የሚያነድደው ለምጣድና ለወጥ ነው። እኛ ግን ለምጣድም፣ ለወጥም፣ ልጅ ለማሞቅም እናነዳለን። ስለዚህ የደጋ ቤት ከቆላው ቤት ይልቅ ማገዶ ይበላል።

ይህን ንግግር አሁን ያስነሣው ምንድን ነው ለሚል፣ በጥቅምት ወር ብቻ ሦስት ጉዳይ ወደ ማኅበራችን መጣ። አንደኛ፣ ሁለት ልጃገረዶች ከተከለለው ዳገት እርጥብ እንጨት ቆርጠው ሲወርዱ ጥበቃው ይዟቸው ገመዳቸውንና ምሳራቸውን ወሰደባቸው። ሁለተኛ፣ ባለፈው ክረምት ከጅረቱ ዳር በጭቃ ተለውሰን ከተከልነው ችግኝ አንድ ረድፍ በአንድ ሌሊት ተቆርጦ አደረ። ሦስተኛ፣ አንዲት እማሆይ ለብርዱ ብለው ከሰል አስገብተው በር ዘግተው ተኙና ጧት ጎረቤት በሩን ሰብሮ አወጣቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፈዋል።

ሦስቱም ነገር አንድ ነው። ማገዶ ጠፍቶ ነው። ገበያ ላይ አንድ የአህያ ጭነት እንጨት ስንት እንደደረሰ ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ከሁለቱ ልጃገረዶች አንዷ የኔ ልጅ ናት። ጸሐፊው የሚናገረው ሌላ፣ ቤቱ የሚነድደው ሌላ እንዳትሉኝ አስቀድሜ ልናገር። ከዚያ በፊትም እንዲህ ያለ እንጨት አምጥታ ይሆናል። እኔም ሞቄበታለሁ። ከወዴት አመጣሽው ብዬ ግን አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ስለዚህ ጥፋቱን በልጅ ላይ ብቻ መጣል አልወድም።

በዕድሜ ከኔ የሚበልጡት እንደሚያስታውሱት በደርግ ዘመን፣ ይልቁንም ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህ፣ በምግብ ለሥራ እርከን ይሠራ ዛፍ ይተከል ነበር። ያ ሁሉ ዳገት የጋራ ደን ተባለ፣ ባሕር ዛፍና ጽድ ቆመበት። ይሁን እንጂ ሕዝቡ «የመንግሥት ነው» እንጂ «የኔ ነው» አላለውም። ሲተከል ማን ጠየቀው? ደርቆ የወደቀውን እንኳ ልልቀም ቢል ይባረር ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፣ ጠባቂ የለም ሲባል፣ በጎንደርም በወሎም በብዙ ቦታ የጋራ ደን ተጨፈጨፈ። ያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከአባቴ ጋር ሄጄ እኔም ተሸክሜአለሁ። ወፍራሙን ለሱ፣ ቀጭኑን ለኔ፣ ሌሊት ሳይቀር። ያን ክረምት ቤታችን እንደ ሠርግ ቤት ሞቀ። እናቴ «ኧረ እንጨቱን ቀስ በሉበት» ትል ነበር፤ ማን ሰምቷት! በዓመቱ ጉቶው ብቻ ቀረ። በሁለተኛው ዓመት ጉቶውን ቆፈርነው። ባሕር ዛፍ ቢቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ጉቶውን ነቅሎ ለወሰደ ሰው ግን ምኑ ያቆጠቁጥለታል? በሦስተኛው ዓመት እኔና እኅቶቼ ከማሳ ላይ ኩበት ለቀማ ወጣን። ኩበቱን ስናነሣ ገብሱ አጠረ። አባቴ መሬቱ ደከመ አለ እንጂ እኛ ምግቡን እንዳነደድንበት አልነገርነውም፤ እኛም አናውቅም ነበር።

ይህን ያነሣሁት አሮጌ ወሬ ለማውራት አይደለም። አሁን ያ ዳገት እንደገና ተከልሎ ለምልሟል። በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ሥራ ስንት እርከን እንደተሠራ፣ ስንቱ ሰው ድንጋይ እንደተሸከመ እናንተው ታውቃላችሁ። እንደ 1983ቱ ከሆነ ለሦስተኛ ጊዜ የሚተክለው ሰው አይገኝም።

ነፃ እንጨት የለም ወይ? አለ። ነፃ ማለት ግን ደርቆ የወደቀ ሆኖ የሚመለከተው ሰው «ልቀም» ያለው፣ ወይም ባለቤቱ «ውሰድልኝ» ያለው ነው። እርጥብ የቆመ ዛፍ ሁልጊዜ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ በዐይን ባይታይም።

የመጀመሪያውና ትልቁ የባሕር ዛፍ ርጋፊ ነው። ነጋዴ ባሕር ዛፍ ገዝቶ ሲያስቆርጥ የሚፈልገው ግንዱንና አጣናውን ነው። አይሱዙው እሱን ጭኖ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ወልድያ ሲሄድ ጫፉ፣ ቅርንጫፉ፣ ቅጠሉና ቅርፊቱ እመሬት ላይ ይቀራል። በኛ ደጋ የበዛው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ ዘይት ስላለው ደርቆ ለምጣድ የሚወዳደረው የለም። ባለ መሬቱም ቢሆን ጉቶው በደንብ እንዲያቆጠቁጥ ከላዩ የተከመረው እንዲነሣለት ይወዳል። ስለዚህ ቆራጭ ገባ ሲባል በዚያው ቀን ሄዳችሁ ባለ መሬቱን ጠይቁ። ባለ መሬቱን ነው ያልሁት! ቆራጩ ሠራተኛ «ውሰዱ፣ ምን ቸገረኝ» ቢል አይበቃም፤ የሰው ንብረት ነው የሚሰጣችሁ። አንዳንዱ ባለ መሬት ደግሞ ቅጠሉንም ይሸጠዋል፤ እንዲያ ካለ አመስግኖ መመለስ ነው። ስትወስዱ ከጉቶው ላይ ምሳር አታሳርፉ፣ የቀረውንም በትናችሁ አትሂዱ። ቦታውን አጽድቶ የሄደን ሰው ባለ መሬቱ በሚመጣው ጊዜ ራሱ ይጠራዋል። በኔ ቤት የደረሰ ነገር ስለሆነ በደንብ አውቀዋለሁ።

ሁለተኛው የእንጨት ሥራ ቤት ነው። ፍቅፋቂውንና ሰጋቱራውን ብዙዎቹ የሚጥሉበት ቸግሯቸው ከመንገድ ዳር ያቃጥሉታል። ማዳበሪያ ይዞ ለሄደ ሰው ይሰጣሉ። አንዲት እናት «ሰጋቱራ እሳቱን ያጠፋብኛል» ብለውኛል። እውነት ነው፣ እንዲሁ ቢበትኑት ያጠፋል። ትልቅ የቆርቆሮ ጣሳ ውሰዱ፤ ከታች በጎኑ ቀዳዳ አብጁለት፤ ከላይ መካከሉ ላይ አንድ ወፍራም ዱላ፣ ከጎኑ ቀዳዳ ሌላ ዱላ አስገብታችሁ ሁለቱ እንዲገናኙ አድርጉ። ከዚያ ደረቅ ሰጋቱራውን በኃይል ጠቅጥቁና ዱላዎቹን ቀስ አድርጋችሁ አውጡ። በታችኛው ቀዳዳ ለኩሱት። ተጠቅጥቆ ከሆነ ብዙ ሰዓት ይነድዳል። ጭሱን በተመለከተ ግን በኋላ ስለ ከሰል የምናገረው ለዚህም ይሠራል።

ሕንፃ ከሚሠራበት ግቢ የሚወጣ ስብርባሪ ሳንቃም አለ። ምስማሩን ነቅላችሁ ለባለቤቱ ብትመልሱለት በሚቀጥለው ራሱ ይጠራችኋል። ቀለም የተቀባውንና መድኃኒት የጠጣውን የመብራት ምሰሶ ስብርባሪ ግን አታንድዱ፤ ጭሱ መርዝ ነው። ላስቲክና ፌስታል ለመለኮሻ የምትጠቀሙም ተዉት። ጎርፍ ከወንዝ ዳር የጣለው እንጨት፣ የራስ አጥር ሲገረዝ የሚወጣው፣ የባቄላ አገዳ፣ ይህ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ቢሆንም ሲጠራቀም ምጣድ ያሰማል።

ስለ ተከለለው ዳገት ብዙ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። «ውስጡ ደርቆ የወደቀ እንጨት ሞልቷል፤ ለምስጥ ከሚሆን ለኛ ቢሆን ምናለ?» ያሉት አባት ትክክል ናቸው። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ማኅበረሰብ የደን ባለቤት ሊሆን እንደሚችል ይናገራል፤ ስለዚህ መጠየቅ እንችላለን። በአሜሪካን አገር እንኳ በመንግሥት ደን ውስጥ ለቤቱ ማገዶ የወደቀ እንጨት የሚለቅም ሰው በብዙ ቦታ የፈቃድ ወረቀት ይዞ ነው የሚገባው። የኔ ሐሳብ፣ ማኅበራችን ለቀበሌው አስተዳደርና ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው በጽሑፍ አመልክቶ በወር አንድ የለቀማ ቀን ይለመንልን። በዚያ ቀን ምሳርም ገጀራም አይገባም፤ በእጅ የተነሣ፣ በእግር ተረግጦ የተሰበረ ብቻ። ጥበቃውም ከመውጫው ላይ ቆሞ ሸክሙን ይይ። ምሳር ይዞ የገባ ሰው «ደረቅ ነው የቆረጥሁት» ቢል ማን ያምነዋል? እኔም አላምነውም።

ጉናን ግን ተዉት። አስታ ማገዶው ጥሩ ነው፤ ያለቀውም ስለ ጥሩነቱ ነው። በዚያ ብርድ ላይ አንዱ አስታ ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ከጉና ሥር ጉማራና ርብ ይነሣሉ፤ ተራራው ሲራቆት የሚደርቀው ምንጭ የኛም የእስቴም የፎገራም ነው።

የቤተ ክርስቲያኑንም ደን እንዲሁ። በዚህ አገር ጽድና ወይራ፣ ኮሶና ዋንዛ ዛሬ የሚታየው በአብዛኛው ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። አባቶቻችን በግዝት ስላቆዩት ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉት ምሁር በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ብዙ አጥንተዋል። ትልልቁ ዛፍ ቆሞ ከሥሩ የሚተካው ቡቃያ በከብት እየተበላና እየተረገጠ እንደሚጠፋ አሳይተዋል፤ በአንዳንድ ቦታም ሕዝቡ ድንጋይ ለቅሞ ዙሪያውን በካብ አጥሮታል። እኛም ጭራሮ ልንለቅም ስንገባ ያንኑ ቡቃያ እንረግጠዋለን። «ደረቅ ብቻ ነው የማነሣው» ብላችሁ እንዳትገቡ፤ እዚያ የወደቀውም ለቤተ ክርስቲያኑ ድግስ ነው፣ ካህናቱ ይወቁበት።

አንድ ወጣት ተነሥቶ «መብራት አለን፣ የዓባይ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፣ ስለ ጭራሮ ምን ያወራናል?» አለ። በግድቡ ደስ ያላለው የለም። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ መግዣውም፣ ወርኃዊ ሒሳቡም፣ መብራቱ የሚጠፋበትም ቀን አለ። እሱ ራሱ ምሽቱን የት ሲሞቅ እንደሚያመሽ እናቱ ነግረውኛልና ብዙ አላልሁትም።

አሁን ስለ አለቃቀሙ። ልጆቻችን እርጥብ የሚቆርጡት ከክፋት አይደለም፤ ደረቁን መለየት ስላላስተማርናቸው ነው። ደረቅ እንጨት ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ እርጥብ ይጎብጣል፣ ይላጣል። ሁለቱን ሲያጋጩት ደረቁ ይጮኻል፣ እርጥቡ ያዝ ያደርገዋል። ልጣጩ በጣት ሲነኩት የሚለቅ ከሆነ ደረቅ ነው። እርጥብ እንጨት ለተሸካሚውም ትርፍ የለውም፤ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። ልጅቷ ከገደል አፋፍ ውኃ ተሸክማ ትመጣለች፣ እሳቱም መጀመሪያ ያንን ውኃ ሲያፈላ ይውላል፤ ለናንተ የሚደርሳችሁ ጭሱ ነው። ጭስ የበዛበት ቤት የሚያድግ ሕፃን ሳንባው ቶሎ እንደሚታመም የጤና ባለሙያዎች ሁልጊዜ ይነግሩናል።

ስለዚህ እንጨት የሚለቀመው ሲበርድ አይደለም። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ባለው በጋ ለቅሞ፣ ወፍራሙን ፈልጦ፣ ከመሬት በድንጋይ ከፍ አድርጎ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ከጣራ ክፈፍ ሥር መደርደር ነው። ነፋስ እንደሆነ አላጣንም። የሰኔ ዝናብ ሳይመጣ የተከመረ እንጨት በጥቅምት ብርድ እንደ ጧፍ ይነድዳል። ጉቶ ያለው ሰው በሽብልቅ ይፈልጠው፤ ጉቶ ቶሎ አያልቅም፣ ማታ ፍሙ በአመድ ተዳፍኖ እስከ ጧት ያድራል።

ሰውን በተመለከተ፣ ልጃገረድ ብቻዋን ጎህ ሳይቀድ አትውጣ። ጅቡ አለ፣ ገደሉ አለ፣ ከጅብ የከፋ ሰውም አለ። ሦስት አራት ሆነው ፀሐይ ከወጣ በኋላ ይሂዱ፤ በተማሪ ቀን ጭራሽ አይሂዱ። ሸክሙን ልጅ ራሱ ተነሥቶ ሊቆምበት በሚችለው ልክ እሰሩ። ሰው አንሥቶ ካልጫነው የማይነሣ ሸክም ለዚያ ልጅ በዝቷል ማለት ነው። እንጦጦ ላይ ሴቶች ከ30 ኪሎ በላይ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው እየተሸከሙ ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ ስንት ዘመን ኖረዋል፤ ወገባቸው ጎብጦ የቀረም አሉ። ከነሱ ውስጥ ማኅበር አቋቁመው ወደ ሽመና የገቡ ሴቶች ስላሉ ነው ነገሩ በሰፊው የታወቀው። እኛ ደግሞ አህያ አለን፣ ወንዶችም አለን። እንጨት መልቀም የሴት ሥራ ነው የሚል ወንድ እሳቱንም ለሴት ይተውላት፤ ሲበርደው እንየው። (እዚህ ላይ እናቶች አጨበጨቡ፤ ይጻፍ ስላሉኝ ጽፌዋለሁ።) ወደ ቆላማው ሸለቆ የምትወርዱ ደግሞ እርጥብ ቁልቋልና ቅንጭብ አትንኩ፤ ወተቱ ዐይን ያጠፋል። የወደቀ ግንድ ስታነሡ መጀመሪያ በዱላ ገልብጡት፣ እባብ ከሥሩ ይተኛል።

የተገኘችውንም ማብቃቃት ያስፈልጋል። ከጉልቻ ይልቅ ምርጥ ምድጃ ለእንጀራ መጋገሪያ እስከ ግማሽ ማገዶ ያድናል። የሚነድደው ከውስጥ ስለሆነ ዙሪያውን እሳት አይልፍም። እርግጥ ነው፣ ቤት በማሞቅ በኩል ጉልቻ ይሻላል የሚሉ አሉ። እኔም ቤት ያለው እንዲሁ ነው፤ ጋግረን ስናበቃ ፍሙን ወደ ጉልቻው አውጥተን እንሞቀዋለን።

የእማሆይን ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት ዋናው እሱ ስለሆነ ነው። ድሮ በሣር ጎጆ ውስጥ ስንት ፍም ታቅፎ ሰው ሲያድር ኖሯል፤ ጭሱ በሣሩ ውስጥ ተንኖ ይወጣ ነበር። አሁን ቤታችን ቆርቆሮ ነው፣ ግድግዳው ተመርጓል፣ ኮርኒሱ በማዳበሪያ ከረጢት ተለብጧል፣ ለነፋሱ ብለን የበሩን ሥር ሳይቀር በጨርቅ እንወትፈዋለን። በዚህ ቤት ውስጥ ከሰል አስገብቶ መተኛት ሞት ነው። ብዙ ሰው «ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ፍም ከሆነ በኋላ ምንም አያደርግም» ይላል። እማሆይም ያሉት ይህንኑ ነው። ስሕተት ነው! ጭሱ አለቀ ማለት መርዙ አለቀ ማለት አይደለም። መርዙ አይታይም፣ አይሸትም፤ ከፍሙም ከተዳፈነውም ረመጥ ይወጣል። ራስ ይመታል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይከዳል፤ የተኛ ሰው ግን ይህንንም ሳያውቀው ይሄዳል። ስለዚህ እሳት ካለ መስኮት ወይም በር ገርበብ ይበል፤ ከመተኛት በፊት ከሰሉም፣ ሰጋቱራውም፣ የተዳፈነውም ፍም ከሚተኙበት ክፍል ይውጣ። ጉቶውን ዳፍኑ ያልሁት ለማድ ቤት ነው። የተመታ ሰው ካገኛችሁ ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር አውጡትና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ውኃ እየረጩ ጊዜ ማጥፋት አይረዳም።

እማሆይን ጠይቄአቸው ነበር። «እንጨት የሚለቅምልኝ የለም፣ ከሰል በኪሎ ሳይሆን በጣሳ ስለሚሸጥ ይቀለኛል፣ ለብሼም አልሞቀኝ አለ» አሉኝ። በሠፈራችን እንደሳቸው ያሉ ብቸኛ አረጋውያን ሰባት እናውቃለን። በመሆኑም ያቀረብሁት ሐሳብ፣ በለቀማው ቀን ከሚወጣው ሸክም ከአሥሩ አንዱ ለነዚህ ሰባት ቤቶች ይሁን የሚል ነበር።

ስብሰባው የለቀማ ቀን እንዲጠየቅ ተስማምቷል፤ ማመልከቻው ተጽፎ ገብቷል። የተቆረጠውን የችግኝ ረድፍ እንደገና ለመትከል ተስማምቷል፤ መጀመሪያ የሚቆፍሩት የሁለቱ ልጃገረዶች አባቶች ናቸው፣ አንዱ እኔ ነኝ። ስለ አሥረኛው ሸክም ግን «የደካማ ሰው ሸክም ለምን ይቀነሳል፣ አህያ ያለው ብቻ ያዋጣ» የሚል ክርክር ስለተነሣ ለሚመጣው ስብሰባ አድሯል። እስከዚያ ድረስ በፈቃዳችሁ የምታዋጡ፣ ከኔ ቤት አጠገብ ባለው የማኅበሩ መጋዘን ደጃፍ ደረቁን ብቻ አስቀምጡ። ገመድ የሌለው ከመጋዘኑ ፈርሞ ይዋሳል፤ አምስት ገመድ አለ። ምሳር አናውስም።

የማኅበሩ ጸሐፊ